ሦስት ጣሳ ዱቄት ከነምርቃቱ

«አንቺን ማን ነው ማድ ቤቴ ያስገባሽ? ዝንብና አንቺን ማስወጣት አቃተኝ እኮ!»

እትዬ ዘይነባ ናቸው እንዲህ ያሉኝ፣ በዱቄት የነጣ ጣታቸውን አፍንጫዬ ላይ ደቅነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አልተቀየምኩም። እውነታቸውን ነው፤ እንዲያውም ከዝንቡ እኔ እብስ ነበር። ዝንብ ቢያንስ ጥያቄ አይጠይቅም።

ይሄ ሁሉ ትዝ ያለኝ ባለፈው ማክሰኞ ነው። ካዛንቺስ ጉዳይ ነበረኝ። «ነገ ተመለሺ» አሉኝ፤ ተናድጄ ታክሲ እንኳ ሳልጠብቅ በእግሬ ወደ ኦሎምፒያ ስወርድ፣ ከአንድ ኬክ ቤት ጓሮ ሽታ መጣና መንገድ መሃል አቆመኝ። የብርቱካን ልጣጭ፣ የሞቀ ዘይት፣ የፉርኖ ዱቄት። በቃ፣ እግሬ ከአስፋልቱ ጋር ተጣበቀ። ከኋላዬ የምትመጣ ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ተሸጠ እንዴ መንገዱ?» ብላ ገፍታኝ አለፈች።

ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ክፍል ያለፍኩበት ክረምት ነው። እናቴ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን የምታስቀምጥበት ስላልነበራት ለእትዬ ዘይነባ «አደራ» ብላ ሰጠችኝ። የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ስድስት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ነው፤ ከእኛ በር እስከ እሳቸው በር ሦስት እርምጃ ነበር። በክረምት ግን አራት ይሆናል፤ አንዱ እርምጃ ጭቃውን ለመዝለል ነው።

እትዬ ዘይነባ ኬክ ይጋግራሉ። ሱቅ የላቸውም፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው መተንፈሻ በሚያጣበት ማድ ቤታቸው ውስጥ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦቨን አለቻቸው። ጠዋት ጠዋት የብርቱካን ኬክ በፓትራ ጋግረው፣ ቆራርጠው፣ ለሰፈሩ ሻይ ቤቶች ይልካሉ። ልጆች የላቸውም፣ ባላቸው ሞተዋል፤ ኦቨኗን ግን እንደ ሰው ነው የሚያናግሯት። «ነይ እስቲ፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ» ይሏታል።

ችግሩ የግቢው ቆጣሪ አንድ መሆኑ ነው። ኦቨኗ ስትበራ የሁሉም ቤት አምፖል እንደ ታመመ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ወዲያው ከወዲያ ማዶ ጋሽ ተካ የሚባሉ ጎረቤታችን ይጮኻሉ፦ «ዘይነባ! ቴሌቪዥኔን ገደልሽው!» ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ግቢው ተሰብስቦ ወሰነ። እስከ እንቁጣጣሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ኦቨን አይበራም።

ማታ እትዬ ዘይነባ ለእናቴ ብቻ «ካልጋገርኩ ጠዋት ምን ብዬ ነው የምነሳው?» ሲሏት ሰማሁ። እኔ ደግሞ መነሳት ምን ምክንያት እንደሚያስፈልገው አልገባኝም። ሰው ከነቃ ይነሳል አይደል እንዴ?

ታዲያ በዚያው ሰሞን ነገር መጣ! ካዛንቺስ አንድ ኒካህ ላይ የእሳቸውን ኬክ የቀመሰ ሰው ኦሎምፒያ አዲስ ካፌ እየከፈተ ኖሯል። «እኚህን ሴት ጥሩልኝ» አለ። ሄዱ። ሲመለሱ ግን ፊታቸው ግማሽ ደስታ ግማሽ ለቅሶ ነው።

«የማድ ቤቱ አለቃ፣ ሼፍ ዳንኤል የሚሉት፣ ሐሙስ ሳምንት መጥተው ከፊቴ ይጋግሩ አለኝ» አሉ ነጠላቸውን እያራገፉ። «ከወደደው ሥራው የእኔ ነው። ግን በጣሳ አይሆንም ይላል። ሁሉንም በግራም ጽፈው ያምጡ አለኝ። እኔ ግራም ለወርቅ መስሎኝ! ዱቄት እንደ ወርቅ በግራም ይለካል እንዴ?»

የእሳቸው መስፈሪያ አንዲት የወተት ዱቄት የነበረባት፣ ጎኗ የተጨረመተ ጣሳ ናት። ሦስት ጣሳ ዱቄት፣ አንድ ጣሳ ስኳር፣ ግማሽ ጣሳ ዘይት፣ ስምንት እንቁላል። የቀረው በማንኪያ ነው። ከዚህ ሌላ ቁጥር አያውቁም፤ ደብዳቤ እንኳ እናቴ ናት የምታነብላቸው።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «እኔ አስልቼ እሰጥዎታለሁ! ተምረናል!»

«አንቺ?»

«አዎ እኔ! በአንድ ቀን!»

ደግሞም ተምረን ነበር። የሳይንስ አስተማሪያችን አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው ብለውናል። «ውሃ» የሚለውን ቃል የዘለልኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ክብደት የሚኖረው በዕቃው ውስጥ ነበር። ታክሲ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል ይባል የለ? ወፍራም ይግባ ቀጭን፣ አሥራ ሁለት ነው። ጣሳም እንደዚያው መሰለኝ። የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አመጣሁና ጣሳዋ ላይ ገለበጥኩት። እስከ አፏ ልክ ሞላች! እልል አልኩ። አንድ ጣሳ አምስት መቶ ግራም! ከደብተሬ ወረቀት ቀደድኩና ጻፍኩ፦ ዱቄት አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ስኳር አምስት መቶ፣ ዘይት ሁለት መቶ ሃምሳ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እትዬ ዘይነባ ግንባሬን ሳሙኝ።

«በይ እንሞክረዋ። ከጋሽ ሙላት ሱቅ በዚሁ ቁጥር ዱቄት ገዝተሽ ነይ።»

ጋሽ ሙላት የግቢያችን በር ላይ ያለው ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ ባለ መርፌ ሚዛን አላቸው፣ መስታወቷን በየቀኑ የሚወለውሏት። አንድ ኪሎ ተኩል ዱቄት መዝነው ሰጡኝ። እየሮጥኩ አመጣሁ። እትዬ ዘይነባ እስቲ ልየው ብለው በጣሳቸው ሰፈሩት። አንድ። ሁለት። ሦስት። ቆሙ። ከረጢቱ ውስጥ ገና ብዙ አለ። አራት። አሁንም ተረፈ።

ተያየን።

«ሙላት ተሳስቶ አብዝቶ ሰጠን!» አሉ እትዬ ዘይነባ ደንግጠው። «የሰው ሐቅ ነው ልጄ። ይሄ ቤቴ አያድርም። ሩጪ መልሺለት።»

ሮጥኩ። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል፤ እኔ ደግሞ ድምፄ ቀንሶ አያውቅም።

«ጋሽ ሙላት! ሚዛንዎ ታሟል!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዷ የመዘኑላትን ምስር በጥርጣሬ ስታየው አየኋት።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«አብዝተው ሰጡን። ሦስት ጣሳ ብንልዎ ከአራት በላይ ሰጡን። እትዬ ሐቅ ነው መልሺ ብለውኛል።»

ጋሽ ሙላት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በስመ አብ! እዚህ ስቆም አርጅቻለሁ፤ አሳነስክብኝ ያለኝ እንጂ አበዛህልኝ ብሎ የመለሰልኝ ሰው ዛሬ አየሁ! ሂጂ እስቲ ያቺን ጣሳ አምጪያት።»

አመጣሁ። መጀመሪያ ባዶዋን መዘኑና ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጻፉ። ከዚያ ውሃ ሞሏት፤ የጣሳዋን ክብደት ሲቀንሱ አምስት መቶ። «አየሽ? ሚዛኔ አልታመመም።» ውሃውን ደፍተው፣ ጣሳዋን አድርቀው፣ ዱቄት ሞሉባት። እኔ በማስመሪያዬ አፏን ላጭቼ አስተካከልኩ። መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። ጣሳዋን ሲቀንሱ ሁለት መቶ ሰባ።

«ይዋሻል!» አልኩ።

«ሚዛኑ ነው ወይስ ዱቄቱ?»

«ሁለቱም!»

ስኳር ሞሉ፤ አራት መቶ ሠላሳ። ዘይት አራት መቶ ስልሳ። ጨው ስድስት መቶ! ያቺው አንድ ጣሳ! ያቺው ጎኗ የተጨረመተው! ምን ልበላችሁ፣ ፀጉሬ ቆመ። ዓለም ለካ እንደዚህ ኖሯል፤ ዱቄት ሆዱ አየር ነው፣ ጨው ደግሞ ዝም ብሎ ከባድ ነው! «ሽሮስ?» አልኩ። ሽሮ መዘንን። «በርበሬስ?» በርበሬ መዘንን፤ አስነጠሰን። ደንበኞቹ ገዝተው መሄድ ትተው ይገምቱልኝ ጀመር። «ምስር ከስኳር ይበልጣል!» «ኧረ አይበልጥም!» ጋሽ ሙላት በመጨረሻ «በቃ ወዲያ! ሱቄን ትምህርት ቤት አደረግሽው» ብለው አባረሩኝ። ካርቶኑን ግን ሰጡኝ።

አዲሱን ወረቀት ሌሊቱን ስገለብጠው አደርኩ ማለት ይቻላል። ዱቄት ስምንት መቶ አሥር፣ ስኳር አራት መቶ ሠላሳ፣ ዘይት ሁለት መቶ ሠላሳ። እሑድ ጋሽ ሙላት ሱቃቸውን ስለሚዘጉ ሚዛኑን አዋሱን፤ በፎጣ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ አመጣሁት። እያንዳንዷን ነገር መዝነን አቦካን። እትዬ ዘይነባ «ቀጥኗል» አሉ ሊጡን በማማሰያ ከፍ አድርገው እያዩ። እኔ «ቁጥሩ ልክ ነው» አልኩ። ኦቨኗ በራች፣ አምፖሎቹ ቢጫ ሆኑ፣ ጋሽ ተካ ጮኹ።

ኬኩ ሲወጣ መሃሉ ሰምጧል። ዳር ዳሩ ዘይት አልቦታል። ጋሽ ተካ ሊቆጡ መጥተው ፓትራውን አዩና ቁጣውን ረሱት። «ይሄ ኬክ ነው ወይስ የሰፈራችን መንገድ? መኪና ይገባበታል እኮ!»

እትዬ ዘይነባ አልሳቁም። ሽርጣቸውን ፈቱ። «ተይው በቃ። ዕድሜ ልኬን በጣሳ ሠርቼ አሁን በቁጥር ልማር? ያ ሰውዬ ፊት ቆሜ ይሄን ላወጣለት? አልሄድም።» ኦቨኗን በሌጣ እጃቸው ዳበስ አደረጓትና ወደ መኝታቸው ገቡ። እኔ ቴሌቪዥናቸው መብራቱን ስላደከመው ነው የሰመጠው ብዬ ጋሽ ተካን ረገምኩ። ከዚያ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ማንም አልሰማኝም።

ሰኞ ጠዋት ለሻይ ቤቶቹ በጣሳቸው ሲሠሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘግቼ አየኋቸው። ጣሳዋን ከረጢቱ ውስጥ ይሰዷታል፣ እንደ ጉልላት ተቆልላ ትወጣለች፣ ሳህኑ ላይ ይገለብጧታል። ከዚያ፣ ይሄኔ ነው ልቤ የዘለለው፣ እጃቸው ተመልሳ ከረጢቱ ውስጥ ገብታ አንድ እፍኝ ታወጣና ትጨምራለች። ሁለተኛውም ጣሳ እንዲሁ። ሦስተኛውም።

«እትዬ! እሱ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«አሁን በእጅዎ የጨመሩት!»

እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። «እ... ምርቃት ነዋ።»

ምርቃት! ገበያ ላይ ሻጭ ከሰፈረ በኋላ ጣል የሚያደርጋት ያቺ ትርፍ! የእትዬ ዘይነባ እናት ዱቄት ሻጭ ነበሩ፤ እሳቸውም ልጅ ሆነው እናታቸው ጎን ቁጭ ብለው ሲሰፍሩ ነው ያደጉት። ለገዢ ሲመርቁ የለመደች እጅ ለራሷ ኬክም ትመርቃለች።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሦስት ጣሳ ብለውኛል!»

«ሦስት ጣሳ ነዋ! ምርቃት ይቆጠራል እንዴ? እናቴ ጣሳ የሚላጭ በረካ የለውም ትል ነበር።»

«እኔ በማስመሪያ ነው የላጨሁት!»

«ያ አላህ! ለዚያ ነዋ የሰመጠው!»

«በሉ እፍኝዎን ይስጡኝ፣ ልመዝነው።»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። «ምርቃትማ አይመዘንም። የተመዘነ ምርቃት ሽያጭ ነው።» ለመንኳቸው። ሐሙስ ደረሰ አልኳቸው። ኦቨኗስ አልኳቸው። አይሆንም። ሥራውን ፈልገውታል፤ ግን እናታቸው የሰጡትን ነገር ሚዛን ላይ አውጥተው ሊያዋርዱት አልፈለጉም። ያኔ የመሰለኝ ዝም ብሎ እልከኝነት ነው፤ ተናድጄ እግሬን መሬት ላይ መታሁ።

ስመታ ከረጢቱን አየሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት የዱቄቱን ከረጢት በላስቲክ ጠቅልዬ፣ አዝዬ፣ በዝናብ ጋሽ ሙላት ሱቅ ወሰድኩት። አራት ኪሎ ከስድስት መቶ። መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት። እትዬ ዘይነባ ተነስተው እንደልማዳቸው ሦስት ጣሳ ከነምርቃቱ ሠሩ። ኬኩ እንደ ትራስ አበጠ። ከረጢቱን እንደገና አዝዬ ሮጥኩ። ጋሽ ሙላት «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዱቄት ሥራ ተቀጠረ እንዴ? ይገባል ይወጣል» አሉ። ሦስት ኪሎ ከአምስት መቶ ሃምሳ። ጭቃውን አንዴ ሳልዘል ረግጬ ቤታቸው ደረስኩ።

«እትዬ! አንድ ሺህ ሃምሳ ግራም!»

«መዘንሽው?!»

«ምርቃቱን አልመዘንኩም! የቀረውን ነው የመዘንኩት!»

አፋቸው ተከፈተ። ያስባሉ፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ቀስ ብለው ፈገግታ መጣ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ። «የቀረውንማ... የቀረውንማ ማን ከለከለሽ!» አሉኝ።

ስኳሩንስ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስኳር አይመረቅበትም፤ ይፈስሳል፣ ሰፍረሽ ታስተካክይዋለሽ» አሉ። ስለዚህ የተለወጠው ዱቄቱ ብቻ ነው። በአዲሱ ቁጥር ለመሞከር ግን ሚዛኑ የሚዋሰን እሑድ ብቻ ነበር፤ የግቢው ትዕግሥትም አልቋል። ሐሙስ ያልተሞከረ ወረቀት ይዘን ሄድን።

የካፌው ማድ ቤት ነጭ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ጠረጴዛው ብረት፣ ሼፍ ዳንኤል ራሱ በነጭ። እትዬ ዘይነባ ጥቁር ሻርፓቸውን አጥብቀው አስረዋል። እኔ ወረቀቱን አንባቢ ሆኜ ነው የገባሁት። ጠረጴዛው ላይ ቁጥሩ በቀይ የሚበራ ሚዛን አለ።

«እናቴ፣ ይጀምሩ» አለ ሼፍ ዳንኤል እጁን አጣጥፎ።

«ዱቄት፣ አንድ ሺህ ሃምሳ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ መጮህ እንደማያስፈልግ በዓይኑ ነገረኝ።

«ቢስሚላህ» ብለው ዱቄቱን ማፍሰስ ጀመሩ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ አርባ፣ አንድ ሺህ ሃምሳ። አቆሙ። ሳህኑን ከሚዛኑ ላይ ሳቡ። ከዚያ እጃቸው፣ ያቺ ጉደኛ እጅ፣ ራሷን ችላ ሄዳ ከረጢቱ ውስጥ ገባችና እፍኟን ይዛ ወጣች።

«እትዬ! ውስጡ አለ! ምርቃቱ ውስጡ ነው!»

እጃቸው ሳህኑ ላይ እንደተንጠለጠለች ቀረች። ሼፍ ዳንኤል ከተደገፈበት ግድግዳ ተነስቶ ቀረበ። እኔ «ይመልሱት፣ ይመልሱት» እላለሁ በሹክሹክታ። እትዬ ዘይነባ ራሳቸውን ነቀነቁ። የወጣ ምርቃት አይመለስም፤ ያን ያህል አውቃቸዋለሁ። ከጣታቸው መሃል ዱቄት እንደ ጢስ ይረግፋል። አንድ ቅንጣት ተጨማሪ ሳህኑ ውስጥ ከገባ ኬኩ ይደርቃል፤ ከረጢቱ ውስጥ ከተመለሰ ደግሞ እሳቸው እዚያው ይደርቃሉ።

ዞር አሉ። በዘይት የተቀባው ፓትራ አጠገባቸው ነበር። እፍኙን ፓትራው ላይ በተኑና፣ ግራ ቀኝ አንገዋለው፣ ጎኑን መታ መታ አድርገው አዳረሱት። ኬክ እንዳይያዝ ፓትራ ዱቄት ይነሰነሳል። ማንኛውም ጋጋሪ ያደርገዋል።

ሼፍ ዳንኤል ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ከኦቨኑ መስታወት ፊት ተንበርክኬ ነው ያሳለፍኩት። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ዳር ዳሩ ተነሳ። ከዚያ መሃሉ! መሃሉ ተነሳ! «እትዬ ይነሳል! አበጠ! ይዩት!» እትዬ ዘይነባ ማየት አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆመው ነበር። የብርቱካኑ ሽታ ማድ ቤቱን ሲሞላው፣ ዕቃ የሚያጥቡት ልጆች ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው መጡ።

ሼፍ ዳንኤል ቆረሰ። አሸተተ። በላ። ሁለተኛ ቆረሰ።

«ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው፣ እናቴ። እንግዲህ ወረቀቱን እዚህ ይተዉልኝ፤ እኛ እንደውልልዎታለን።»

እትዬ ዘይነባ ፊታቸው በርቶ «ውሰድ ልጄ፣ ምን ገዶኝ» ብለው ወረቀቱን ሊያቀብሉት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

እኔ ወረቀቱን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«አይሰጥም» አልኩ።

«ምን?» አለ ሼፍ ዳንኤል።

«ወረቀቱ ካለዎት ለእሳቸው ለምን ይደውሉላቸዋል? ሌላ ሰው ያስጋግሩበታላ። እሳቸው ሥራ ሲገቡ ወረቀቱም አብሮ ይገባል።»

እትዬ ዘይነባ «ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው!» ብለው ክንዴን ቆነጠጡኝ። ጆሮዬ ነደደ። ወረቀቱን ግን አልለቀቅኩም።

«ይህቺ ማን ናት?» አለ ሼፍ ዳንኤል።

እትዬ ዘይነባ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ኬኩን አዩ። ክንዴን የያዘችው እጃቸው መቆንጠጧን ተወች።

«መዛኜ ናት» አሉ። «እሷ ካለች እንደዚያው ነው።»

ሼፍ ዳንኤል ሊቆጣ ነበር መሰለኝ፤ ግን ሦስተኛ ቁራሽ አፉ ውስጥ ነበርና አላመቸውም። አላምጦ ዋጠ። ወደ ውስጠኛው በር ዞሮ «ጋዋን አምጡላቸው፣ ልካቸውን እንይ» አለ። «ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እናቴ። እንዳያረፍዱ።»

አንዲት ልጅ ነጭ ጋዋን ይዛ መጥታ እትዬ ዘይነባን እጃቸውን አስዘርግታ ታለብሳቸው ጀመር። እጅጌው ረዘመባቸው። «አንቺ ወደ ቤት ሂጂ፣ እናትሽ ትጨነቃለች» አሉኝ፣ እጃቸው እንደተዘረጋ፣ ዓይናቸው ከጋዋኑ ሳይነቀል። ወረቀቱን በአራት አጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ሸጎጥኩትና በጓሮው በር ወጣሁ።